ቀዩን ደብዝዟል አልኳት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባሌ አያውቅም። የንስሐ አባቴም አያውቁም። በየዓመቱ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የተሻረ ጾሜን ስዘረዝር ኖሬ፣ መጨረሻ ላይ "ሌላስ ልጄ?" ሲሉኝ "ሌላ የለም አባ" እላቸዋለሁ። አለ እንጂ። ለምን እንደማልነግራቸው አውቃለሁ፤ ከነገርኳቸው "ሂጂና ለእሷ ንገሪያት" ይሉኛል። እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም። ስለዚህ ለእናንተ እናገራለሁ።

እህቴ ግራ ዓይኗ አያይም። ሰው ሁሉ በበሽታ እንደጠፋ ነው የሚያውቀው፤ እውነትም በበሽታ ነው። ግን ሊድን ይችል ነበር። ሊድን የሚችልበትን ቀን እኔ አውቄው ነበር። አውቄ ነው ዝም ያልኩት።

አስካለ ትባላለች፤ እኔ እቴቴ ነው የምላት። እናታችን ስትሞት እሷ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፣ እኔ አምስት ዓመቴ። አባታችን ቀድሞ ሞቷል። ከዘጠነኛ ክፍል ወጥታ ስፌት ቤት ተቀጠረች። ሰው ሲያጫት "ልጅቷን ዘመድ ጋ አስቀምጪያት" አላት፤ እሱን ትታ እኔን ያዘች። ዩኒቨርሲቲ ስመረቅ ከለበስኩት ቀሚስ ጀምሮ ምሽት ላይ እስከምለብሳት ፒጃማ ድረስ በእጇ የሰፋችው እሷ ናት። እናት ምን እንደሆነች ብትጠይቁኝ ከእሷ ሌላ የማስታውሰው ፊት የለኝም።

ጊዜው አዲስ አበባ ሁሉ ተቆፍሮ፣ ቦሌ በየማዕዘኑ ፎቅ የሚበቅልበት ጊዜ ነበር። እኔ ኦሎምፒያ አካባቢ ገና መሠረቱ ያልወጣ አፓርታማ በሥዕል እያሳየ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ የሽያጭ ሠራተኛ ነበርኩ። ታኮ ጫማ፣ ሊፕስቲክ፣ ግማሽ እንግሊዝኛ ግማሽ አማርኛ። እቴቴ ገርጂ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ ሁለት ሲንጀር የያዘች ጠባብ ስፌት ቤት ነበረቻት። ዳንኤልን ያገኘሁት ከእናቱ ከወይዘሮ ሙሉእመቤት ጋር ቤት ሊያዩ ቢሯችን ሲመጡ ነው። ቤቱን አልገዙም። በዓመቱ ግን ሽማግሌ ላኩ። ቦሌ ላይ ሕንፃ ያላቸው ሰዎች፣ ገርጂ ድረስ፣ የእህቴን ሁለት ክፍል ቤት አንኳኩተው "ልጃችሁን ለልጃችን" አሉ። እቴቴ ሽማግሌዎቹን ሸኝታ ስትመለስ ኩሽና ገብታ እልል አለች፤ ብቻዋን፣ ቀስ ብላ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።

በዚያው ክረምት መክሳት ጀመረች። ትበላለች፣ ከእኔ ሁለት እጥፍ ትበላለች፣ ግን ትከሳለች። በሐምሌ ብርድ መስኮት ከፍታ "ሞቀኝ" ትላለች። እጇ እየተንቀጠቀጠ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት። ልቧ ቁጭ ባለችበት ይደልቃል። የሰርግ ጭንቀት ነው አልን። ቀጥሎ ዓይኗ መጣ። የላይኛው ቆብ ወደ ላይ ተሰብስቦ የዓይኗ ነጭ ዙሪያውን ይታይ ጀመር፤ ዓይኗ ራሱ ወደ ፊት ወጣ። ሁልጊዜ ክፉ ወሬ የሰማች ትመስላለች። ስትተኛ እንኳ ቆቧ አይገጥምም። ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ፣ አሸዋ የገባበት ያህል እየቆረቆራት፣ እንባዋ እየወረደ ትነሳለች።

አንድ ቀን አንዲት እናት ልጇን ይዛ ቀሚስ ልታስለካ መጣች። እቴቴ ሜትሩን ይዛ ቀና ስትል ሴትየዋ ሕፃኗን በነጠላዋ ጥቅልል አድርጋ ሸፈነቻት። ምንም አላለችም፤ "እመለሳለሁ" ብላ ወጣች። እኔ እዚያው ነበርኩ። ቡዳ መባሏ ነው። እቴቴ ሜትሩን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቁር መነጽር ሳታደርግ ሱቋ አልገባችም።

ታኅሣሥ ላይ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ለእሷ ብዬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወይዘሮ ሙሉእመቤት አንድ ቀን በስልክ "እህትሽ ዓይኗን ምን ሆና ነው? ዘር ውስጥ ያለ ነገር ነው እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። እንደ ዋዛ ነው የጠየቁት፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። "ዘር" የምትለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች።

የዓይን ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ትሑት፣ ድምፁ ዝግ ያለ። እቴቴን እርስዎ እያለ መረመራት። አንገቷን ዳበሰ፣ ዓይኗን በመሣሪያ ለካ፣ ከዚያ ደም እንድትሰጥ ወደ ላቦራቶሪ ላካትና እኔን አስቀመጠኝ። በሽታው ዓይን ላይ ቢታይም ሥሩ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ነው አለኝ። የሰውነታችን መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ዕጢ እንደ ጠላት ይወጋዋል፤ ያው ስሕተት ከዓይን ጀርባ ያለውን ሥጋ ያሳብጠዋል። አጥንቱ አይሰፋም፣ ስለዚህ ዓይን ወደ ፊት ይገፋል።

"የሰው ዓይን ወይም ርግማን አይደለም፤ ይህን አስረዷት" አለኝ።

አብዛኛው ሰው ላይ ከጊዜ ጋር ይረጋጋል አለ። የታይሮይዱን ኪኒን ቀን ሳታሳልፍ ትውሰድ፣ ጠብታውን አታቋርጥ፣ ስትተኛ ራሷን በትራስ ከፍ ታድርግ፣ ሲጋራ የሚጨስበት ቦታ ከቶ እንዳትቀመጥ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገ።

"አንድ ነገር አለ። እብጠቱ የዓይኑን ነርቭ ከተጫነው ዓይኗ ሊጠፋ ይችላል። መጀመሪያ የሚታየው ቀለም ነው። በተለይ ቀይ ቀለም ከደበዘዘባት፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ በዚያው ቀን አምጧት። ተኝታ በደም ሥር መድኃኒት እንሰጣታለን። ከዘገየ ግን መመለስ አንችልም።"

ይህንኑ በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ፤ የመጨረሻውን መስመር ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ልወጣ ስል ደግሞ "አንቺም ደምሽን ብትመረመሪ ጥሩ ነው፣ እህትማማቾች ላይ ይታያል" አለኝ።

ገርጂ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ እቴቴ "ምን አለ? አንብቢልኝ እስኪ" አለችኝ። ወረቀቱን አውጥቼ በአማርኛ አነበብኩላት። ኪኒኑን አነበብኩ፣ ጠብታውን አነበብኩ፣ ትራሱን አነበብኩ። የተሰመረበት መስመር ላይ ስደርስ ዘለልኩት። "በቃ፣ ይኸው ነው" ብዬ ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ለምን ዘለልኩ? "እንዳትፈራ ብዬ ነው" ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ውሸት ነው። ሰርጉ አምስት ሳምንት ነበር የቀረው። ብነግራት በየቀኑ ቀለም ስትፈትሽ፣ ሐኪም ቤት ስትመላለስ፣ ወሬው ወይዘሮ ሙሉእመቤት ጋ ሲደርስ፣ ታየኝ። ሆስፒታል ውስጥ የተኛች የሙሽራ እህት፣ በዘር የሚመጣ በሽታ፣ ዓይኗ የፈጠጠ ምራት። ይህን ሁሉ በአንዲት የታክሲ ጉዞ አሰብኩት። ሰው እንዲህ በፍጥነት ክፉ መሆን እንደሚችል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ራሴን ግን አልዘለልኩም። በሳምንቱ ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ላቦራቶሪ ገብቼ ለማንም ሳልናገር ደሜን አስመረመርኩ። ንጹሕ ነኝ። ስለዚህ "ፈርቼ ነበር" የምለው ሰበብ እንኳ ከዚያ ቀን በኋላ የለኝም። ለራሴ ሐኪሙን ሰምቻለሁ። ለእሷ ነው ያልሰማሁት።

የሚዜዎቼን ቀሚስ የምትሰፋው እቴቴ ነበረች። ጨርቁን መርካቶ ሄዳ ራሷ መርጣ ነው ያመጣችው፤ ደማቅ ቀይ ሳቲን። ሰርጉ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ወደ ሱቋ ሄድኩ። ጨርቁን በር ላይ፣ ብርሃን ውስጥ ዘርግታ ተናዳ አገኘኋት።

"ሰሉ፣ እስኪ ነይ እዪልኝ። ያ ነጋዴ ሠራልኝ። ስገዛው እንደ ደም የቀላ ነበር፤ አሁን ገና ሳይታጠብ ደብዝዞ አመድ መሰለ።"

አየሁት። ቀይ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ የቀላ ጨርቅ አላየሁም።

እቴቴ መነጽሯን አውልቃ አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች፣ ቀጥሎ ሌላውን። "በቀኜ ሳየው ይሻላል መሰለኝ። በግራዬ ነው እንዲህ የሚሆንብኝ። ወይስ ዓይኔ ነው?"

የስፌት መኪናውን ጠረጴዛ ያዝኩ። የሐኪሙ ድምፅ፣ ሁለቱ መስመሮች፣ "በዚያው ቀን" የሚለው፣ ሁሉም በአንድ ላይ መጣ። አወቅሁ። ልብ በሉልኝ፤ አልጠረጠርኩም፣ አወቅሁ። ከመገናኛ አንድ ታክሲ ብንይዝ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪሙ ጋ እንደርስ ነበር። ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

እኔ ግን "አዎ፣ ደብዝዟል" አልኳት።

"ደብዝዟል አይደል?" አለች፣ ፊቷ ፈታ ብሎ። ጥፋቱ የዓይኗ ሳይሆን የጨርቁ መሆኑ ደስ ብሏት ነው። "ድሮም የዚያ ሰውዬ ነገር!"

ደብዝዟል አልኳት። ቀዩን ደብዝዟል አልኳት። ዝም ብል፣ አላውቅም ብል፣ ትከሻዬን ብነቀንቅ እንኳ ምናልባት ራሷ ትሄድ ነበር። እኔ ግን የገዛ ዓይኗን እንዳታምን አደረግኳት። እህቴ ስለ ጨርቅ እኔን አትጠይቀኝም፤ ከእኔ በላይ ታውቃለች። የዚያን ቀን የጠየቀችኝ ስለ ዓይኗ ነው። እኔም "አንቺ ደህና ነሽ" ብዬ መለስኩላት።

በማግስቱ መርካቶ ወርዳ ነጋዴውን አዋረደችው። ሰውየው ግራ ገብቶት ሌላ ጥቅል አውጥቶ አሳያት፤ እሱም አመድ መሰላት። ተመልሳ "ዘንድሮ የሚገባው ዕቃ ሁሉ እንዲህ ነው" አለችኝ። ያኔም ዝም አልኩ። ከሰርጉ በኋላ እወስዳታለሁ ብዬ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ምን አላት? መልሱን የምታበላው እሷ ናት፤ እናቴም አባቴም እሷ ናት፤ እሷ ከሌለች በእኔ በኩል ማን ይቆማል? እያልኩ።

ጥር ላይ ሰርጉ ሆነ። እቴቴ በጥቁር መነጽር፣ በሐበሻ ቀሚስ፣ የእናት ወንበር ላይ ተቀመጠች። አዳራሹ ደረጃ ላይ አንዴ ተደናቅፋ አንዷ ሚዜ ደግፋታለች። ኬክ ስቆርስ ብርጭቆ ልታነሳ እጇን ሰድዳ ከብርጭቆው ጎን አየር ጨበጠች። አይቻታለሁ። ቬሎ ለብሼ፣ ካሜራ ፊት ለፊት ፈገግ እያልኩ፣ አይቻታለሁ። ጭፈራው ሲጀመር ግን ገብታ እስክስታ ወረደች፤ ሰዉ ሁሉ አጨበጨበላት።

መልሱ አልቆ እኔና ዳንኤል ለጫጉላ ሐዋሳ ሄድን። ስንመለስ፣ ስጦታ ይዘን ገርጂ ቤቷን አንኳኳን። በሩን ከፍታ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ብላ እጆቿን ዘረጋች። የዘረጋችው ግን እኔ ወደቆምኩበት አልነበረም፤ ትንሽ ወደ ጎን ነበር። ዳንኤል ሳቀ፤ የምትቀልድ መስሎት ነው። እኔ አልሳቅኩም።

"ግራዬ ጭልም አለ" አለችኝ ሹክ ብላ፣ እሱ እንዳይሰማ። "ሦስት ቀኑ። ደስታችሁን እንዳላበላሽ ብዬ ነው ያልደወልኩት።"

ያው ሐኪም ፊት ተቀመጥን። አንድ ቀይ የብልቃጥ ክዳን አንስቶ ወደ ግራ ዓይኗ አቀረበ። "ምን ያያሉ?" አላት። "ጥላ ነገር" አለችው። በቀኟ ሲያሳያት "ቡናማ" አለች። ክዳኑን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ እጁ ከብዶት አየሁ።

"መቼ ነው ቀለም የጠፋብዎት?"

"ኧረ ሦስት ሳምንት ሊሆነው ነው ዶክተር። ጨርቅ መስሎኝ።"

"ቀይ ሲደበዝዝ በዚያው ቀን ኑ ብያችሁ ነበርኮ!" ድምፁ ከፍ አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። "ጽፌም ሰጥቻለሁ።"

እቴቴ ወደ እኔ ዞረች። በዚያ በፈጠጠ፣ በቀላ ዓይኗ አየችኝ። ከዚያ ወደ እሱ ተመልሳ፣ በሙሉ እምነት፣ "አይ ዶክተር፣ ይህን አልነገሩንም። እህቴ የተማረች ናት፤ ብትነግሯት ኖሮ ትነግረኝ ነበር" አለችው።

እሱም እኔን አየኝ። አሁን ተናገሪ፣ አልኩ ለራሴ፤ አሁን። አፌን ከፈትኩና "እኔ... ይህን አላስታውስም" አልኩ።

ሰውየው ደነገጠ። አንገቱን ደፋና "ምናልባት በደንብ አላስረዳሁ ይሆናል፤ ይቅርታ" አለ። ምንም ያላጠፋ ሰው። ዓይኔ እያየ፣ በራሱ ላይ ፈረደ። ለሌላ በሽተኛ ሲያስረዳ ድምፁ ይርድ ይሆን? እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ።

በዚያው ቀን ተኛች። መድኃኒቱ በደም ሥሯ ገባ፤ ፊቷ አበጠ፣ እንቅልፍ አጣች፣ ግን ቀኝ ዓይኗ ተመለሰ። ኋላም ከዓይኗ ጀርባ ያለውን ቦታ የሚያሰፋ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ግራው ግን አልተመለሰም። "ዘግይቷል" አለ ሐኪሙ፤ ለእሷ ነው የነገራት፣ እኔ ነኝ የሰማሁት።

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ሙሉእመቤት ሊጠይቋት መጡ። ከሩቅ ሳያቸው መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና "ምንድን ነው አሉሽ ልጄ?" አሏት። እቴቴ አፍራ፣ እኔን እያየች፣ "የእንቅርት ዓይነት ነው እትዬ" አለች። እሳቸው ሁልጊዜ የማይለያቸውን የአንገት ሻሽ ፈቱት። አንገታቸው ላይ ከጎን ወደ ጎን የሚሄድ፣ የቆየ የቀዶ ጥገና ጠባሳ ነበር።

"እኔም በዚሁ ተቀድጃለሁ። እንግዲህ ሁለታችን አንድ ነን" አሏትና ሳቁ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ "ያን ቀን በስልክ የጠየቅሁሽ ለዚህ ነበርኮ! ደህና ሐኪም ልጠቁማችሁ ብዬ። አንቺ 'ድካም ነው' ብለሽ ዘጋሽኝ።"

ኮሪደር ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ማልቀስ አልቻልኩም። የፈራሁት ነገር በዚህ ዓለም ላይ አልነበረም። የእህቴን ዓይን የሰጠሁት ለሌለ ነገር ነው። ግን ቢኖርስ? ሴትየዋ እንዳሰብኳት ክፉ ቢሆኑስ፣ ሰርጉ ቢፈርስስ፣ ያን ጊዜ ልክ እሆን ነበር? ሳስበው የባሰ የሚያስደነግጠኝ ይኸኛው ጥያቄ ነው።

እቴቴ ዛሬም ገርጂ ናት። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አትችልም፤ በአንድ ዓይን ርቀቱ አይመጣላትም። ሁለት ልጆች ቀጥራ እሷ ትቆርጣለች፣ እነሱ ይሰፋሉ። ጥቁር መነጽሯን ትታለች። ኪኒኗን ቀን አታሳልፍም። ልጆቼ እሷን "ትልቋ እማዬ" ነው የሚሏት።

አሁን የቀረችኝን ልናገር። ከሁሉ የከበደችኝ ይህች ናት።

ከሆስፒታል የወጣች ቀን ልብሷን እያለበስኳት ነበር። ቁልፏን ስቆልፍ እጄን ያዘችኝ። ፊቷ በመድኃኒቱ አብጦ፣ አንዱ ዓይኗ ወደ እኔ፣ አንዱ ወደ የትም።

"ሰሉ፣ ይቅር በይኝ" አለችኝ። "የጫጉላሽን ጊዜ ሆስፒታል ለሆስፒታል አዞርኩሽ። ሙሽራ ሆነሽ ሳትጠግቢ። ምን እናት ነኝ እኔ? ደስታሽን አበላሸሁብሽ።"

ያን ጊዜ እግሯ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። ሁሉንም መናገር ነበረብኝ። ክፍሉ ውስጥ ከእኛ በቀር ሰው የለም፤ ጊዜ አለን፤ እሷም ይቅር ትለኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ ምናልባት የፈራሁት ይቅርታዋን ነው።

እኔ ግን የመጨረሻዋን ቁልፍ ቆለፍኩና፣ ግንባሯን ስሜ፣ "ይቅር ብዬሻለሁ እቴቴ" አልኳት።

እሷም "ተመስገን" ብላ እፎይ አለች።